ሌቭ ቪጎትስኪ፦ ራሱ ባላዘጋጀው መጽሐፍ የተጠራው ሊቅ



በዚህ እትም የምናወራላችሁ ሰው ሙስሊም አይደለም፤ አገራችንንም ረግጦ አያውቅም። ከሞተ ዘጠና ዓመት አልፎታል። ይሁንና የሥነ ልቦና ኮርስ የወሰድን ብዙዎቻችን ስሙን ሰምተናል፤ መምህርነት የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያለ እሱ ስም የሚጨርሱ አይመስሉም። ሌቭ ቪጎትስኪ ይባላል።

ስለ እሱ እንድንጽፍ ያነሳሳን የራሳችን ጥፋት ነው። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የምንሰጠው ቲቶሪያል እንዴት ቢሆን ይሻላል ብለን ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተን ነበር። ኢንጂነሪንግ ስለምንማር ይመስላል፣ ከሁሉ በላይ የማረከን ስካፎልዲንግ የሚለው ቃል ነው። ሕንፃ ሲሠራ ዙሪያውን እንደሚቆመው መወጣጫ፣ ለተማሪው ድጋፍ ታቆምለታለህ፤ ራሱን ሲችል ታነሳዋለህ። ከሥሩ ቪጎትስኪ፣ 1978 ብለን አሰፈርን። ጽሑፉን ያየችልን የሥነ ልቦና ተማሪ እህታችን፣ ቃሉ በመጽሐፉ ስንተኛ ገጽ ላይ እንዳለ ጠየቀችን። አስከትላም በ1934 የሞተ ሰው በ1978 እንዴት መጽሐፍ እንዳወጣ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ማጣቀሻውን የገለበጥነው ከሌላ ሰው ጽሑፍ ነበር፤ ያም ሰው ከሌላ ሳይገለብጥ አልቀረም። መድረሳ ውስጥ አንድ ነገር በተናገርን ቁጥር ከማን ሰማህ፣ እሱስ ከማን ሰማ እየተባልን ያደግን ልጆች፣ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ኢስናዱን ረሳነው። መጻሕፍቱን ቁጭ ብለን እንድናገላብጥ ያደረገን እፍረቱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪጎትስኪ በኖቬምበር 1896 ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር፣ ኦርሻ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን ጎሜል ነው። አባቱ ባንክ ውስጥ በኃላፊነት ይሠራ ነበር። እናቱ በመምህርነት የሠለጠነች ብትሆንም ዕድሜዋን ያሳለፈችው ስምንት ልጆች በማሳደግ ነው፤ እሱ ሁለተኛው ነበር። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነው። በዛሩ ሩሲያ አይሁዶች በአብዛኛው እንዲኖሩ የሚፈቀድላቸው በምዕራብ በኩል በተከለሉ ግዛቶች ብቻ ነበር፤ ጎሜልም እዚያ ውስጥ ነበረች። እሱ ሰባት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1903፣ በከተማዋ አይሁዶች ላይ ጥቃት ተነሥቶ ሰው ሞተ፣ ቤትና ሱቅ ተዘረፈ።

መጀመሪያ የተማረው ቤት ውስጥ፣ ሰለሞን አሽፒዝ በሚባል አስተማሪ ዘንድ ነው። ይህ ሰው ተማሪውን በጥያቄ እየመራ ወደ መልሱ እንዲደርስ የሚያደርግ ዓይነት አስተማሪ ነበር ይባላል። በአሥራዎቹ ዕድሜ መካከል ላይ ልጁ እኩዮቹን ሰብስቦ የታሪክ ውይይት ይመራ ጀመር። በ1913 ሁለተኛ ደረጃን በወርቅ ሜዳሊያ ጨረሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በዚያ ዘመን ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ አይሁዶች ከመቶ ሦስት እንዳይበልጡ የሚል ሕግ ነበር። የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ ልጅ ግን ከሦስቱ አንዱ እንደሚሆን ተስፋ ነበረው። ቪጎትስኪ ገና ፈተናው ላይ እያለ መንግሥት ደንቡን ቀየረና የአይሁዶቹ ኮታ ከዚያ በኋላ በዕጣ እንዲሞላ አዘዘ። ጉብዝና ዋጋ አጣ። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ሳለ ከሞስኮ ዜና መጣ፤ ዕጣው ወጥቶለታል። ይህንን ስናነብ ስለ ሌሎቹ አሰብን። በዚያው ዓመት ሜዳሊያ አንገታቸው ላይ ይዘው ዕጣ ያልወጣላቸው ልጆች ነበሩ፤ የእነሱን ስም ዛሬ ማንም አያጣቅስም።

ወላጆቹ ሕክምና እንዲማር ፈለጉ፤ ሐኪም የሆነ አይሁድ ከተከለለው ግዛት ውጭ መኖር ይፈቀድለታልና። እሱ የሚወደው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነበር። ያንን ቢማር ግን የሚጠብቀው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርነት ነው፤ ይህ ደግሞ ለአይሁዶች ዝግ ነበር። ስለዚህ ሕክምና ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሕግ ተዛወረ። ልቡ የፈለገውን ለመማር ሻንያቭስኪ በሚባል የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክና ፍልስፍና ጎን ለጎን ተማረ። ይህ ተቋም ዲግሪው በመንግሥት የማይታወቅ፣ ግን በዘመኑ ጥሩ ጥሩ ምሁራን የሚያስተምሩበት ነበር። ለወረቀቱ አንድ ቦታ፣ ለዕውቀቱ ሌላ ቦታ ማለት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ጧትና ማታ መድረሳ ለተመላለስን ለእኛ ዓይነቱ ይህ ኑሮ እንግዳ አይደለም።

በ1917 ተመርቆ ወደ ጎሜል ተመለሰ። በዚያው ዓመት አብዮቱ የዛሩን ገደቦች አንሥቶ ነበርና ማስተማር ቻለ። ሥነ ጽሑፍ አስተማረ፣ ሥነ ልቦና አስተማረ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ከፈተ። እነዚያ ዓመታት የጦርነትና የረሀብ ዓመታት ነበሩ። ወንድሞቹን ሞት ነጠቀው፤ አንዱን የወሰደው ሳንባ ነቀርሳ ነው። እሱንም ያው በሽታ ያዘው። ከዚያ በኋላ የኖረው ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ በሽታው ሲነሣበት ሐኪሞች ተስፋ ይቆርጡበት ነበር። የሥራውን ፍጥነት ሌላ ምንም ነገር አይገልጸውም።

በጃንዋሪ 1924 በዚያን ጊዜ ፔትሮግራድ በምትባለው ከተማ የአገሪቱ የሥነ ልቦናና የነርቭ ምሁራን ተሰበሰቡ። ከአንዲት የገጠር ከተማ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው የ27 ዓመት መምህር ተነሣና ያለ ወረቀት ተናገረ። የያኔው ወጣት ተመራማሪ አሌክሳንደር ሉሪያ ይህንን ቀን እስከ ሽምግልናው አልረሳውም። በዘመኑ ገናና የነበረው አስተሳሰብ የሰውን ልጅ ጠባይ እንደ ውሻ ምራቅ በአጸፋ ብቻ ለማስረዳት ይሞክር ነበር። ወጣቱ መምህር የሰው ንቃተ ኅሊና ከጥናት ውጭ ተደርጎ ሥነ ልቦና የሚባል ሳይንስ ሊኖር አይችልም ብሎ ተከራከረ። ወዲያው ሞስኮ በሚገኘው የሥነ ልቦና ተቋም እንዲሠራ ተጠራ። በዚያው ዓመት ሮዛ ስሜኮቫን አግብቶ መጀመሪያ የኖሩት በተቋሙ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጊታና አስያ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

በ1925 መስማት የተሳናቸውን ልጆች ስለ ማስተማር በተደረገ ጉባኤ ላይ ለመገኘት ወደ ለንደን ሄደ። ከአገሩ የወጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሲመለስ ታመመ። «የኪነ ጥበብ ሥነ ልቦና» የሚለውን የመመረቂያ ጽሑፉን ቀርቦ መከላከል ስላልቻለ በሌለበት ጸደቀለት፤ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ1965 ነው። ወራት ያህል ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሥነ ልቦና ስለ ገባበት ቀውስ ረጅም ጥናት ጀመረ፤ ይህኛው የታተመው በ1982 ነው። ይህንን የምንነግራችሁ ዓመታቱን እንድታስተውሉ ነው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ በየዓመቱ ስንት ጽሑፍ አወጣ፣ ስንት ጊዜ ተጠቀሰ ተብሎ ይመዘናል። ቪጎትስኪ ወደ 270 የሚጠጉ ጽሑፎችን እንደተወ ይነገራል። ዋና ዋና ከሚባሉት መካከል ግን አንዳንዶቹን ታትመው አላያቸውም።

አካል ጉዳት ስላለባቸው ልጆች የሠራውን ሳናነሣ ብናልፍ እናጠፋለን። በእሱ አመለካከት ዓይነ ስውር የሆነን ልጅ የሚጎዳው የዓይኑ መጥፋት ብቻ አይደለም። በሌላው ሰው ዓይን የተሠራ ዓለም ውስጥ ሲገባ በሮች ሁሉ ይዘጉበታል፤ ከባዱ ጉዳት ይኼ ነው። ብሬል የሚያነብ ልጅ ያነባል፤ መንገዱ ሌላ ነው እንጂ የሚደርስበት ቦታ አንድ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት የልጁን ጉድለት ሲለካ መዋል ትቶ ሌላውን መንገድ ይሥራለት ይላል። ይህንን ያለው ዛሬ ስለ አካቶ ትምህርት የሚነገረው ሁሉ ከመነገሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው።

ከስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ ጋር ያደረገው ክርክርም የሚያስደስት ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ ፈጽሞ ያልተገናኙ ሰዎች ናቸው። ፒያዤ ትንንሽ ልጆች ሲጫወቱ ለብቻቸው የሚያወሩትን ወሬ፣ ሲያድጉ የሚጠፋ የልጅነት ምልክት አድርጎ ተመለከተው። ቪጎትስኪ ይህንን ለመፈተን ልጆች ሥዕል ሊሥሉ ሲሉ እርሳስ ወይም ወረቀት እንዲጎድል አደረገ። ለብቻ ማውራታቸው ወደ እጥፍ ተጠጋ። ልጁ የሚያወራው ስለተቸገረ ነው፤ በንግግሩ ራሱን እየመራ ነው። ታዲያ ይህ ወሬ ሲያድግ የት ይሄዳል? አይጠፋም፤ ወደ ውስጥ ይገባና ማሰብ ይሆናል። አስቸጋሪ የዳይናሚክስ ጥያቄ ላይ ቁጭ ብላችሁ ከንፈራችሁ ሲንቀሳቀስ ካገኛችሁት፣ ያ የውስጥ ንግግር ጭንቅ ሲይዘው ወደ ውጭ ተመልሶ እየወጣ ነው። ሎህ ይዘን እየጮኽን ስንቀራ የነበርን ልጆች ከዓመታት በኋላ ያንኑ በልባችን ማንበብ መቻላችንም ከዚህ ጋር ሳይዛመድ አይቀርም ብለን እናስባለን፤ ይህ ግን የእኛ ግምት ነው፣ የእሱ አይደለም። ፒያዤ ይህንን ትችት አግኝቶ መልስ የጻፈው በ1962 ነው። ተቺው ያኔ ከሞተ 28 ዓመት ሆኖታል።

አሁን ወደ ታዋቂው ሐሳብ እንምጣ። ሁለት የአሥር ዓመት ልጆች ተፈተኑ እንበል፤ ሁለቱም ለብቻቸው የስምንት ዓመት ልጅ የሚሠራውን ያህል ሠሩ። ፈተናው እዚህ ላይ ካቆመ ልጆቹ እኩል ናቸው። ነገር ግን ትልቅ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ ጥቆማ ቢሰጣቸው፣ ቢያሳያቸው፣ አንዱ እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይደርሳል፤ ሌላው ዘጠኝ ላይ ይቀራል። እንግዲህ እኩል አልነበሩም። ለብቻ በሚሠራውና በእገዛ በሚሠራው መካከል ያለውን ስፋት ቪጎትስኪ ስም አወጣለት፤ በመማሪያ መጻሕፍት የቅርብ ዕድገት ቀጠና እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው። ጥሩ ትምህርት የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው፤ ልጁ የሚያውቀውን ቢደግሙለት አይጠቅመውም፣ ፈጽሞ የማይደርስበትንም ቢጭኑበት እንዲሁ።

ይህንን መድረሳ የቀራ ሰው ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ሸኹ ሁሉንም ልጅ ለብቻው አይደርስበትም፤ ቀደም ብሎ የቀራ ደረሳ ከኋላው ላለው ያስቀራል፣ ያኛውም ለሚቀጥለው። አሊፍ ባን ያስያዘን ከእኛ በሁለት ዓመት የሚበልጠን ልጅ ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ለአምስት ተብለን ተደራጅተን አይተናል፤ እውነቱን ለመናገር እዚያ ብዙ ጊዜ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ። ልዩነቱ መደራጀቱ ላይ ሳይሆን ጎበዙ ደካማው የቆመበትን ቦታ ማወቁ ላይ ይመስለናል።

እሱም ብቻውን አልሠራም። ሉሪያና አሌክሲ ሊዮንቲየቭ ገና ከመጀመሪያው ከጎኑ ነበሩ፤ ኋላ አምስት ወጣት ተማሪዎች ተጨመሩ፤ ከአምስቱ አራቱ ሴቶች ናቸው። ሞስኮና ሌኒንግራድ እየተመላለሰ አስተማረ፣ ካርኮቭ በሚገኝ ተቋምም ሠራ፤ ይህ ሁሉ ሳይበቃው በ1931 እንደገና የሕክምና ተማሪ ሆኖ ተመዘገበ።

እኛን ሙስሊሞችን በቀጥታ የሚነካው ታሪክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቪጎትስኪና ሉሪያ፣ የሰው አስተሳሰብ ከሚኖርበት ማኅበረሰብ፣ በተለይም ከጽሕፈትና ከትምህርት ጋር አብሮ ይለወጣል ብለው ያምኑ ነበር። ይህንን ለማየት ሉሪያ በ1931 እና በ1932 ክረምቶች ወደ ኡዝቤኪስታን መንደሮችና ወደ ኪርጊዝ የተራራ ግጦሾች ሄደ። ቪጎትስኪ በሽታው ስላልፈቀደለት ከሩቅ ሆኖ ተከታተለ። ማንበብ ለማያውቁ ገበሬዎችና ከቤት ለማይወጡ ሴቶች እንቆቅልሽ የሚመስሉ ጥያቄዎች ቀረቡላቸው። በበረዶማው ሰሜን ያሉ ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፣ እገሌ የሚባለው ቦታ በሰሜን ነው፣ ታዲያ እዚያ ያለው ድብ ምን ዓይነት ነው? ብዙዎቹ፣ ያላዩትን ነገር መናገር እንደማይችሉ፣ የሄደና ያየ ሰው ይጠየቅ ብለው መለሱ። ጥቂት ወራት ትምህርት የቀመሱት ግን ነጭ ነው አሉ። ሉሪያ ከዚህ የደረሰበት፣ ትምህርት ሰዎችን ካዩት ነገር ተላቀው እንዲያስቡ ያደርጋል የሚል ነበር።

ስናነበው ሁለት ስሜት ተሰማን። አንደኛው ጥናቱ ደፋርና ብልህ መሆኑ ነው። የሰው አእምሮ በዘሩ ይለያያል የሚሉ በበዙበት ዘመን፣ ልዩነቱን የፈጠረው ዕድል ነው፣ በወራት ይለወጣል ብሎ ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ቅሬታ ነው። ያላየሁትን አልመሰክርም ማለት የአስተሳሰብ ጉድለት ተደርጎ መቆጠሩ ከነከነን። በዚያ ላይ ጊዜውን አስቡት። በ1920ዎቹ መጨረሻ መንግሥት መድረሳዎችን እየዘጋ፣ የሴቶችን መሸፈኛ በዘመቻ እያስወለቀ፣ የኡዝቤክን ጽሕፈት ከዓረብኛ ፊደል ወደ ላቲን ቀይሮ ነበር። ትናንት በዓረብኛ ፊደል ያነብ የነበረ ሰው ቀን ሳይወጣለት መሃይም ተባለ። ይህች የነ ቡኻራና የነ ሰመርቀንድ ምድር ናት። ይህን ዓይነቱን ነገር በመጠኑም ቢሆን ቀምሰነዋል። አንደኛ ክፍል ስንገባ ከመካከላችን በዓረብኛ ፊደል አቀላጥፈው የሚያነቡ ነበሩ፤ ሀ ሁን ስለማያውቁ ግን ማንበብ የማይችሉ ተብለው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ጥናቱ ለባለቤቶቹም አልበጀም። በመንግሥት በኩል፣ የሶቪየት ሠራተኛ ሕዝቦችን አሳንሶ አይቷል ተብሎ ተወገዘና ሉሪያ ውጤቱን መጽሐፍ አድርጎ ያሳተመው በ1974 ነው፤ አርባ ዓመት ከርሞ።

በ1934 ጸደይ ቪጎትስኪ ዋና መጽሐፉን «ሐሳብና ንግግር»ን ለማጠናቀቅ ይጣደፍ ነበር። ከፊሉ ቀደም ሲል የተጻፉ ጥናቶቹ ናቸው። የመጨረሻውን ምዕራፍ መጻፍ ሲያቅተው በቃል ተናግሮ አስጻፈ። በሜይ ደም ተፋ፤ በጁን 11 ሞስኮ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 37 ነበር። መጽሐፉ በዚያው ዓመት ወጣ፤ እሱ ግን አላየውም።

መጽሐፉም ብዙ አልቆየም። በጁላይ 1936 የኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ፔዶሎጂ የተባለውን የልጆች ጥናት የሚያወግዝ ውሳኔ አወጣ። በትምህርት ቤቶች ልጆችን በፈተና እየለካ ደካማ ብሎ ይፈርጅ የነበረ አሠራር በርግጥ ነበር። የሚያስገርመው ግን እንዲህ ያለውን ልኬት አጥብቆ የተቸው ቪጎትስኪም በዚሁ ስም ተጠርጎ መወሰዱ ነው። ሥራዎቹ ለሃያ ዓመት ያህል አልታተሙም። ወረቀቶቹን ቤተሰቡ ይዞ ቆየ፤ ሐሳቦቹን ተማሪዎቹ በየራሳቸው ሥራ ውስጥ፣ አንዳንዴም ስሙን ሳይጠሩ ይዘው ቆዩ። የዚያን ጊዜ የመጠቀሱን ብዛት የሚቆጥር መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ነበር የሚያሳየው።

በ1956 «ሐሳብና ንግግር» በሩሲያ እንደገና ታተመ። በ1962 አሜሪካ ውስጥ፣ ጄሮም ብሩነር መግቢያ ጽፎለት፣ በእንግሊዝኛ ወጣ፤ ግን ብዙ ተቆራርጦ። ከዚያ በ1978 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ «አእምሮ በማኅበረሰብ ውስጥ» የሚባለውን መጽሐፍ አወጣ። እኛን ያሳፈረን መጽሐፍ ይህ ነው። ማይክል ኮል፣ ሲልቪያ ስክሪብነርና ሁለት ባልደረቦቻቸው ከተለያዩ ጽሑፎቹ መርጠው፣ አሳጥረውና አቀናጅተው ያዘጋጁት ነው። አዘጋጆቹ ይህንን አልደበቁም፤ በመግቢያቸው ላይ ጽሑፉን በነፃነት እንዳስተካከሉት ተናግረዋል። እኛ ግን መግቢያ አናነብም።

ዛሬ ጎግል ስኮላር ላይ ይህ አንድ መጽሐፍ ብቻ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ እንደተጠቀሰ ታያላችሁ። በትምህርት ጥናት ዘርፍ ይህን የሚስተካከሉት ጥቂቶች ናቸው። በሌላ በኩል በ2002 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የ20ኛው ክፍለ ዘመን መቶ ታላላቅ የሥነ ልቦና ሰዎችን ሲደረድሩ ቪጎትስኪ 83ኛ አካባቢ ነው የወጣው። አንደኛው ስኪነር፣ ሁለተኛው ፒያዤ ነበሩ። ተማሪውና ባልደረባው ሉሪያ ሳይቀር ቀድሞታል። ግን መመዘኛዎቹን ተመልከቱ፤ በመጽሔቶችና በመማሪያ መጻሕፍት ከመጠቀስ ሌላ የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ አባል መሆን፣ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዝዳንት መሆን ያስቆጥራል። በ1934 ሞስኮ የሞተ ሰው ከየት ያምጣው?

ከቁጥሩ ይልቅ እኛን ያስጨነቀን መቶ ሺህ ሰው ምን ብሎ ነው የጠቀሰው የሚለው ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቅሰው ያንን የቅርብ ዕድገት ቀጠና ነው። ሐሳቡ በሰውየው ጽሑፎች ውስጥ የያዘው ቦታ ግን ጥቂት ገጾች ነው፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመጣለት፣ ገና ያላዳበረው ነገር ነበር። ሌላው ደግሞ እንደ እኛ ስካፎልዲንግ ብሎ ይጠቅሰዋል። ቃሉን በዚህ ትርጉም ያመጡት ዴቪድ ውድ፣ ጄሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ ናቸው፤ በ1976፣ እሱ ከሞተ ከ42 ዓመት በኋላ። በእነሱ ጥናት ውስጥ አንዲት አስተማሪ ትንንሽ ልጆችን የእንጨት ቁርጥራጮች አገጣጥመው ፒራሚድ እንዲሠሩ ታግዛለች። ቃሉን እንደ ቪጎትስኪ ሐሳብ አድርገው የወሰዱት ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። የቲቶሪያል ጽሑፋችንን አርመን የእነዚህን ሦስት ሰዎች ስም አስገብተናል፤ ሦስቱንም ገጽ በገጽ አይተን።

ስለ ኡዝቤኪስታኑ ጥያቄም ተከታይ አለው። ኮልና ስክሪብነር በ1970ዎቹ ላይቤሪያ ውስጥ ቫይ ወደሚባል፣ አብዛኛው ሙስሊም ወደ ሆነ ሕዝብ ዘንድ ሄዱ። እዚያ ሦስት ዓይነት ንባብ ጎን ለጎን ይኖራል፦ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት፣ የራሳቸው የቫይ ፊደል በቤት፣ ዓረብኛ በቁርኣን ትምህርት። ስለዚህ ሉሪያ መለየት ያልቻለውን፣ ማንበብ የሚያመጣውንና ትምህርት ቤት የሚያመጣውን፣ መለየት ይቻላል። በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ውጤቱ ለቪጎትስኪና ለሉሪያ ግምት የማይመች ሆኖ ተገኘ፤ ማንበብና መጻፍ ብቻውን የሰውን አጠቃላይ አስተሳሰብ የሚለውጥ አልሆነም። እያንዳንዱ ንባብ ያዳበረው የሚሠራበትን ችሎታ ነው። እንዲህ ዓይነቱን የድቡን ጥያቄ መመለስና ምክንያቱን ማስረዳት በአብዛኛው የትምህርት ቤት ፍሬ ነበር። ቁርኣን የቀሩት ደግሞ በአንድ ነገር በለጡ፤ ቃላት አንድ በአንድ እየተጨመሩ ከመጀመሪያው እንደገና በቅደም ተከተል ይያዙ ሲባል፣ የሚያስታውሱት እነሱ ነበሩ። ሒፍዝ የያዘ ሰው ይህ ፈተና ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ሰውየውን በእንግሊዝኛ ያስነበቡት ሰዎች ራሳቸው ሄደው የእሱን ግምት መፈተናቸው፣ ባልያዘም ጊዜ አልያዘም ብለው መጻፋቸው ደስ ብሎናል።

የቪጎትስኪ ሥራዎች በሩሲያኛ በስድስት ጥራዝ የወጡት ከ1982 እስከ 1984 ነው። የግል ማስታወሻዎቹ ደግሞ ተመርጠው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የሆኑት በ2018 ነው፤ ከሞተ 84 ዓመት በኋላ።

እኛ አሁን የ«ሐሳብና ንግግር»ን ሰባተኛ ምዕራፍ ይዘናል፤ ታሞ ሳለ በቃል ያስጻፈውን። እንግሊዝኛው ከባድ ነው፤ በአንድ ሳምንት ከስድስት ገጽ በላይ አልሄድንም። ገጹን የጠየቀችን እህታችንና አንድ የሥነ ልቦና ክፍል ወንድማችን እየረዱን ነው። መቀላቀል የምትፈልጉ እህትና ወንድሞች ቲቶሪያል የሚሰጡትን ልጆች ጠይቁ፤ እስክትመጡ ድረስ መግቢያውን አንብባችሁ ቆዩን።